ደካ የተሳፈረችበት ባቡር

በየጥቂት ዓመቱ አንድ አዲስ ቃል ከአዲስ አበባ ይነሳና በጅማ በኩል አድርጎ፣ ጭጋጉን አቋርጦ ቦንጋ ይገባል። ብቻውን አይመጣም። አሠልጣኝ አለው፣ ፕሮጀክተር አለው፣ ስሙ የታተመበት ቦርሳ አለው። እኛም የቢሮ ሰዎች ነንና ተነስተን እንቀበለዋለን፤ ትርጉሙን ከማወቃችን በፊት አጠራሩን እናጠናለን። በሦስተኛው ቀን በየስብሰባው «ከዚህ አንጻር» ከምትለዋ ቀጥሎ እሱን መሰካት እንጀምራለን። «ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሊጠይቅ የሚገባውም ሰው ስለማያውቀው ተፋፍረን እንኖራለን። እናንተ ቢሮ እንዲህ አይደለም? ታድላችኋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ቃል «ሪሊዝ ትሬን» ይባላል። በአማርኛ እንግዲህ ባቡር መሆኑ ነው። ለአማቴ የባቡር አስተባባሪ ሆኜ መሾሜን ስነግራቸው «የወፍጮውን ነው ወይስ ሰው የሚጭነውን?» አሉኝ። ሁለቱም እንዳልሆነ ነገርኳቸው። «እንግዲያ ምኑን ነው የምትነዳው?» አሉ። እስከ ዛሬ አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋቸውም።

ሲፍታታ ከባድ አይደለም። ብዙ ቡድኖች አንድ ትልቅ ሥራ ሲሠሩ እያንዳንዱ በየፊናው እንዳይሮጥ፣ በአንድ ቀን ተሰብስበው ያቅዳሉ፤ አሥር ሳምንት ይሠራሉ፤ በተቆረጠው ቀን የሠሩትን አንድ ላይ ያስረክባሉ። ቀኑ አይነካም። የደረሰ ይሳፈራል፣ ያልደረሰ የሚቀጥለውን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ የሚይዝ ሶፍትዌር አለ። ባቡሩ እዚያ ውስጥ ይፈጠራል፣ ቡድኖቹ ይመደቡበታል፣ የማን ሥራ የማንን እንደሚጠብቅ በመስመር ይያያዛል። የተጓተተው ቀይ፣ የተሳካው አረንጓዴ ይሆናል።

ፕሮጀክታችን፣ ስሙ ይቆየን፣ በካፋ ዞን አራት ጤና ጣቢያዎች የአምቡላንስ ጥሪን ከስልክ ወደ ታብሌት ለማዞር የተቋቋመ ነበር። ቀድሞ አንዲት እናት ምጥ ሲጠናባት አዋላጇ ቦንጋ ወዳለው አንድ የሞባይል ቁጥር ትደውላለች፤ ስልኩን የያዘው ሰው አምቡላንስ ይልካል። ሰውየው ሌላ ጥሪ ላይ ከሆነ ግን መስመሩ ተይዟል፤ ምጥ ደግሞ መስመር አይጠብቅም። በአዲሱ አሠራር ጥሪው በታብሌት ይመዘገብና፣ ቦንጋ ባለው የጥሪ ጠረጴዛ ተረኛዋ እያየችው፣ ቅርብ ላለው አምቡላንስ ይደርሳል። ባቡሩ በሚነሳበት ሰኞ አሮጌው ስልክ ይዘጋል ተባለ። አፕሊኬሽኑን የሚሠሩ፣ አምቡላንስ የሚያሰማሩ፣ ሶላርና አንቴና የሚተክሉ፣ ሠራተኛ የሚያሠለጥኑ አራት ቡድኖች ነበሩ። ሃያ ዓመት የዕቅድ ባለሙያ የነበርኩት እኔ ከላይ ተቀመጥኩ። በአሥር ጣቴ ስለምጽፍ ይመስለኛል።

የጀመርኩት በልምምድ ነው። ከአዲስ አበባ የመጣችው አሠልጣኝ «ሳትፈሩ ነካኩት፤ የሚሰበር ነገር የለም» ብላን ነበር። እኔም ሳልፈራ ነካካሁት። አንድ ባቡር ፈጥሬ «መለማመጃ» አልኩት፤ የውሸት ቡድን መደብኩበት፣ የውሸት ቀን ቆረጥኩለት። ደስ ሲል! ሲበቃኝ እውነተኛውን ባቡር ፈጠርኩና የሺሺንዳንና የሌሎቹን ሁለት ቦታዎች ሥራ አስገባሁ። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከምሳ ስመለስ የቀረችኝን አራተኛዋን ቦታ፣ ደካን፣ አስገባሁ፤ ሶላሩን፣ አንቴናውን፣ ሥልጠናውን፣ አንድም ሳይቀር። ለደካዋ አዋላጅ ለሲስተር ማርታም የይለፍ ቃል ሰጥቼ «ችግር ሲኖር እዚያው ጻፊ፣ ወዲያው እናየዋለን» አልኳት። የሆነውን ከእኔ ቀድማችሁ ሳትገምቱ አትቀሩም። እኔ ግን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ አልገመትኩም።

ዘጠኙ ሳምንት እንዴት አለፈ ብትሉኝ፣ አረንጓዴ ሆኖ አለፈ። በየሳምንቱ መጨረሻ ኃላፊያችን ወይዘሮ ጸሐይ ሁሉን በቀለም የሚያሳየውን ዳሽቦርድ ታይና ትንሽ ትስቃለች። ወይዘሮ ጸሐይ በቀላሉ የምትስቅ ሴት አይደለችም። ሶላር ተካዮቹ ዝርዝራቸው ላይ ወዳለው ቦታ ይሄዳሉ፣ ደካ ዝርዝሩ ላይ የለችም፤ አሠልጣኞቹም እንዲሁ። የደካን ስም ሳይሰማ መቆየቱ የከነከነው ሰው ቢኖር እንኳ ሌላው ቡድን ይዞታል ብሎ አልፏል። እኔም በበኩሌ በየቀኑ ሦስት አራት ጊዜ ስክሪኑን እከፍታለሁ፣ ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ እዘጋለሁ።

ባቡሩ ሊነሳ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ ረፋዱ ላይ፣ ሲስተር ማርታ ራሷ ቢሮዬ በር ላይ ቆመች። ጎህ ሲቀድ ከደካ ተነስታ፣ መኪናው ጭቃ ውስጥ ተይዞባት ወርዳ ስትገፋ ነበር የመጣችው። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ቀይ አፈር ነው።

«ምነው ሲስተር፣ በደህና?»

«በደህና አይደለም። ሰኞ ስልኩ ይዘጋል የሚል ደብዳቤ ደረሰን። ታብሌቱ አልመጣም። ሶላሩም አልመጣም። ሰውም አልመጣም።»

«ሊሆን አይችልም፤ ሁሉም አረንጓዴ ነው» አልኳት።

እስከ ዛሬ የማፍርበት ንግግር ይህ ነው። ጭቃ ለብሳ ፊቴ የቆመችውን ሰው ትቼ ስክሪኑን አመንኩ።

«በየሳምንቱ ጽፌልዎታለሁ እኮ፣ ጋሽ ታደሰ» ብላ ስልኳን ከፍታ ሰጠችኝ። በመጀመሪያው ሳምንት የጻፈችው ረጅም ነው፤ ሰላምታ አለው፣ የቢሮውን ሰው ሁሉ ደህንነት ይጠይቃል፣ በመጨረሻ ሶላሩ መቼ እንደሚመጣ በትሕትና ያነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ሰላምታው አጠረ። በአምስተኛው ሰላምታው ቀረ። ዘጠነኛው ሁለት ቃል ብቻ ነው። «ሰው አለ?»

ዓይኔን ወደ ላይ ሳነሳ ከጽሑፎቹ በላይ የባቡሩን ስም አየሁ። መለማመጃ ይላል።

ወንበር ሰጥቻት መሰለኝ፤ ወይም ራሴ ተቀመጥኩ። ዘጠኝ ሳምንት ያቺ ሴት ሰው በሌለበት ቤት በር ስታንኳኳ ኖራለች፤ ቤቱን የሠራሁት እኔ፣ «እዚህ አንኳኪ» ያልኳትም እኔ።

እንግዲህ ሃያ ዓመት ቢሮ የኖረ ሰው እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የሚያስበው ምን ይመስላችኋል? ስለ እናቶቹ? ብላችሁ ደስ ባለኝ። እኔ ያሰብኩት መውጫ ቀዳዳ ነበር፤ ቀዳዳውም ሶፍትዌሩ ውስጥ አለ። የደካን ሥራ ምልክት አድርጌ «ወደሚቀጥለው ባቡር አዛውር» ብል፣ ገና ከመጀመሪያው ለሁለተኛው ዙር የታቀደ መስሎ ይቀመጣል። ቀይ አይታይም። የሚጠይቅም አይኖርም። ጣቴ እዚያው ላይ ነበር።

«ደካ ለሚቀጥለው ባቡር ተመድባለች» አልኳት፣ ድምፄን ኦፊሴላዊ አድርጌ።

«እሺ፤ እንጠብቃለን» አለች። «ሰኞስ ስልኩ ይዘጋል ወይስ አይዘጋም?»

ስለ አሠራሩ ማስረዳት ጀመርኩ። የስልኩ መዘጋት የሌላ ቡድን ሥራ መሆኑን፣ ቀኑ አንዴ ከተቆረጠ…

«ጋሽ ታደሰ» አለች፣ ሳትቆጣ። «ስለ ባቡሩ አይደለም የጠየቅኩዎ። በዚህ ሳምንትና በሚቀጥለው የሚወልዱ እናቶች አሉኝ። አንዷ ደም ግፊት አለባት፤ ፊቷ አብጧል። ለማን ልደውል?»

እጄን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳሁና ወደ ወይዘሮ ጸሐይ ቢሮ ሄድኩ። ከእኔ ቢሮ እስከ እሷ ቢሮ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። ሁለት ጊዜ ቆሜያለሁ።

ወይዘሮ ጸሐይ የሰኞውን ሪፖርት እያረመች ነበር። ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችና እስክሪብቶዋን ከደነች።

«ማን ማን ያውቃል?»

«እኔና አዋላጇ። አሁን ደግሞ እርስዎ።»

«ሰኞ ከክልል እንግዶች እንደሚመጡ ያውቃሉ አይደል? አረንጓዴ ነው ብዬ ጽፌያለሁ። ወደሚቀጥለው ያዛውሩትና ይለፍ።»

«ማዛወሩስ ይቻላል። ችግሩ ስልኩ ነው።»

«ሁለት አሠራር ጎን ለጎን አይሄድም ብለን ተፈራርመናል፣ አቶ ታደሰ።»

ጋሽ ከማለት ወደ አቶ ስትወርድ ነገሩ እንደከረረ አውቃለሁ። ውጭ ዝናቡ ጀምሯል፤ ቆርቆሮውን ይደበድባል። በመጨረሻ «አዋላጇን ይጥሯት» አለች። ሲስተር ማርታ ገብታ ምንጣፉን እንዳታቆሽሽ በሩ ላይ ቆመች።

«ስንት ናቸው?» አለቻት ወይዘሮ ጸሐይ።

ሲስተር ማርታ ቁጥር አልተናገረችም። ስማቸውን ጠራች፤ የእያንዳንዷን ስም፣ ቀበሌዋን፣ ስንተኛ እርግዝናዋ እንደሆነ። ደብተር አላየችም። ስትጨርስ ወይዘሮ ጸሐይ ሪፖርቱን ወደ ጎን ገፋችና ወደ እኔ ዞረች።

«ቀይ ያድርጉት» አለች። «ግን በስምዎ ያድርጉት።»

አደረግኩት። የደካን ሥራ ከመለማመጃው አንስቼ ወደ እውነተኛው ባቡር አስገባሁ፤ ከሥሩም ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ በስሜ ጻፍኩ። ዘጠኝ ሳምንት አረንጓዴ የነበረው ስክሪን ከዳር እስከ ዳር ቀላ። ለካ ሥልጠናው የሶላሩን፣ ሶላሩ የአንቴናውን፣ የስልኩ መዘጋት ደግሞ የሁሉንም መጨረስ ይጠብቅ ነበር፤ መስመሩ ከመጀመሪያውም በትክክል ተያይዟል፣ ባቡሩ ነው የተሳሳተው።

ቅዳሜ ጠዋት አራቱን ቡድኖች ሰበሰብኩና ተናዘዝኩ። የአፕሊኬሽኑ ቡድን መሪ ነጂብ፣ አባቱ ገበያው ዳር ሱቅ ያላቸው፣ እሱ ደግሞ ቦንጋ ውስጥ ከኮምፒውተር ጋር ተኝቶ የሚነሳ የሁለት ልጆች አባት፣ ከወንበሩ ተነሳ። «ዘጠኝ ሳምንት፣ ጋሼ! ዘጠኝ ሳምንት!» አለና ጭንቅላቱን ያዘ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ተንጎራደደና ተመልሶ ተቀመጠ። «ስልኩን አንዘጋውም» አለ። «አዲሱ የጥሪ ጠረጴዛ ላይ እናስቀምጠው፤ ደካ ስትደውል ተረኛዋ ራሷ ታብሌቱ ላይ ትመዝግብላት። ሌሎቹ ሦስቱ ይሂዱ።» ሰባት ደቂቃ አልፈጀም። እኔ ሌሊት ሙሉ ስገላበጥ ያላገኘሁት ነገር ነው።

ሰኞ ባቡሩ ሦስት ቦታዎችን ይዞ ተነሳ። እንግዶቹ ፊት ፕሮጀክተሩ ላይ ያ ቀይ ነገር ሲበራ እግሬ ሥር ያለው መሬት ቢከፈት ሳልጠራ እገባ ነበር። «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። ተነስቼ ነገርኳቸው። ጻፉ። የጻፉትን አላሳዩኝም።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ሲስተር ማርታ ናት፤ ፊቷ ያበጠው ሴትዮ መንቀጥቀጥ ጀምራለች። አምቡላንሱ ወዲያው ወጣ። እኔ ምንም የምሠራው ሳይኖረኝ ጠረጴዛው አጠገብ ቆሜ ቀረሁ። ተረኛዋ «ቢቀመጡስ፣ ጋሼ» ብትለኝም አልተቀመጥኩም። ዝናቡ መንገዱን ምን እንዳደረገው አስባለሁ፣ ስልኩ ያለ ዕቅድ እንደተቀመጠ አስባለሁ፣ ጣቴን የት ላይ አድርጌ እንደነበር አስባለሁ። ሊመሽ ሲል ሆስፒታል እንደደረሰች ተነገረን። ሴት ልጅ ወለደች። እናትየዋ ሁለት ቀን ራሷን አላወቀችም፤ በሦስተኛው ቀን ነቃች። እኔም በሦስተኛው ቀን እህል ቀመስኩ።

የቢሮውን ነገር ልጨርስላችሁ። በዚያው ሳምንት ሁለት ደብዳቤ ወጣ። አንደኛው ከክልል ለወይዘሮ ጸሐይ የተጻፈ ምስጋና ነው፤ «ችግርን ሳይሸፍኑ በግልጽነት በማሳየት አርአያ ስለሆኑ» ይላል። ሁለተኛው ወይዘሮ ጸሐይ ለእኔ የጻፈችው የመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱም ስለዚያው ቀይ ናቸው። ማስጠንቀቂያው ይገባኛል፤ ፈርሜ ተቀበልኩ። የምስጋናውን ደብዳቤ ሳነብ ግን ትንሽ ሳል ያዘኝ።

ደካ በሁለተኛው ዙር ሶላሯንም ታብሌቷንም አገኘች። እኔም አሁን የማንም ሶፍትዌር ያላዘዘኝን አንድ ሥራ እሠራለሁ፤ በየሳምንቱ ዓርብ ለአራቱም ጤና ጣቢያዎች አንድ በአንድ እደውላለሁ። ወይዘሮ ጸሐይ ይህ በዕቅድ ውስጥ የለም ትለኛለች። እውነቷን ነው፣ የለም። ያለፈው ዓርብ ለሲስተር ማርታ ደውዬ ሶላሩን ጠየቅኳት፤ ይሠራል። ታብሌቱን ጠየቅኳት፤ ይሠራል። ኔትወርኩን፣ ተረኞቹን፣ መንገዱን ጠየቅኳት።

«ሁሉም ደህና ነው። ምነው ጋሽ ታደሰ፣ ድምፅዎ ልክ አይደለም?»

«ምንም። ሁሉም አረንጓዴ ሆኖብኝ ነው።»

«ታዲያ አንዱን ቀይ ላድርግልዎ?» አለችኝ።