አርባ ሁለተኛው ወረቀት

በእኛ አገር ሰው መቁጠር ደስ አይልም። ስድስት ልጆች ያሏትን እናት «ስንት ልጆች አሉሽ?» ብላችሁ ጠይቋት እስቲ፤ ወይ ወደ ላይ አንጋጣ «እሱ ያውቃል» ትላለች፣ ወይ ወሬ ትቀይራለች። እኔም ቤታችን ስንት ሰው እንዳለ በትክክል ያወቅሁት የቀበሌ ፎርም ሲሞላ ነው፤ አባቴ ያን ቀን ተቆጥቶ ምሳ አልበላም። ዩኒቨርሲቲ ግን ለዚህ ሁሉ ደንታ የለውም። ዩኒቨርሲቲ ሰው ሲቆጥር ይውላል፤ የፈተና ሰሞን ደግሞ ይብስበታል።

እናንተ ፈተና ስትባሉ ትዝ የሚላችሁ ጥያቄው ይሆናል። እኛ ፈታኞች ትዝ የሚለን ቁጥሩ ነው። ለአንድ አዳራሽ ሁለት ፈታኝ ይመደባል፤ አንዱ ተማሪውን እንዲጠብቅ፣ ሌላው አንደኛውን ፈታኝ እንዲጠብቅ። ፈተናው ተጀምሮ ግማሽ ሰዓት ሲሞላ በሩ ይዘጋል። ከዚያ ሁለታችንም ለየብቻችን የተቀመጠውን ሰው እንቆጥራለን፤ ቀጥሎ ፊርማውን፣ በመጨረሻም የተሰበሰበውን የመልስ ወረቀት። ሦስቱ ቁጥሮች ከተስማሙ ፖስታውን አሽገን፣ ፈርመንበት ሻይ እንጠጣለን። ካልተስማሙ ሻይ የለም።

አሁን የምነግራችሁ ሻይ ስላልጠጣሁበት ቀን ነው።

ይበልጣል የሚባል የሃይድሮሎጂ ተማሪ ነበረኝ። የደልጊ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ሙቀት መጣ ብርድ መጣ ሰማያዊ ሹራቡን የማያወልቅ። የመመረቂያ ጽሑፉ ስለ ጣና ዳርቻ ጥልቀት ነበር። ረቂቁን ሳየው ልኬቶቹ በሙሉ ከድሮ ሪፖርት የተገለበጡ ሆኑብኝና «ሐይቁ እኮ እዚሁ መስኮትህ ሥር ነው፤ ሄደህ ራስህ ለካ» አልሁት። መምህር እንዲህ ያለ ነገር መናገር ይወዳል። ልጁም ሰምቶኝ በግንቦት መጨረሻ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ገመድና ድንጋይ ይዞ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ በተዋሰው ታንኳ ወጣ። ታንኳው ሰኞ ዕለት ደንገል ውስጥ ተሰክቶ ተገኘ። ገመዱም በውስጡ ነበር። እሱ አልነበረም።

በሳምንቱ አባቱ ቢሮዬ ድረስ መጡ። መሪጌታ ጥበቡ ይባላሉ፤ ደልጊ አጠገብ ካለ አንድ ደብር ቁም ጽሕፈት ያስተምራሉ። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ።

«መምህር» አሉኝ፣ «አስከሬን አላየሁም። አስከሬን ሳላይ አላለቅስም፤ ፍትሐትም አላስደርግም። እናቱንም ማንም እንዳያረዳት ብያለሁ። እርስዎን የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ስሙን ከመዝገብ እንዳያወጡብኝ። ስሙ እናንተ ዘንድ እስካለ ድረስ ልጄ ትምህርት ላይ ነው።»

እኒያን ዓይኖች እያየሁ ምን ልበል? «እሺ» አልሁ። ስም የማኖርም የማውጣትም ሥልጣን እንደሌለኝ እያወቅሁ ነው «እሺ» ያልሁት። ደንቡ አጭር ነው፤ ያለ ምክንያት የመጨረሻ ፈተና ላይ ያልተገኘ ተማሪ ስሙ ከዝርዝር ይወጣል፣ ለቤተሰቡም ደብዳቤ ይጻፋል። ስለዚህ መሪጌታ ልጃቸውን እንደገና የሚያጡበት ቀንና ሰዓት ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ዳርቻው ላይ ያለው አሮጌ አዳራሽ። ተማሪዎቹ ያጠናሉ፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ጣና አልነበረም። በሰኔ አንዳንድ ቀን እንዲህ ያደርጋል፤ ጉሙ ከውሃው ተነስቶ ደንገሉን ይውጥና መስኮቱ ድረስ ይመጣል። አብሮኝ የሚፈትነው ሰይድ ነበር። ሰይድ የወረታ ነጋዴ ልጅ ነው፤ ከአባቱ መጋዘን የሩዝ ጆንያ ሲቆጥር ያደገ ሰው ስለሆነ ቁጥር ላይ ከእሱ ጋር መከራከር ከንቱ ድካም ነው። ዝርዝሩ ላይ አርባ ሁለት ስም አለ። በሩን ዘጋን። ቆጠርሁ፤ አርባ አንድ። ከመስኮቱ ሥር ያለው የመጨረሻው ወንበር ባዶ ነው። በቃ፣ አለቀ አልሁ።

«አርባ ሁለት» አለኝ ሰይድ በጆሮዬ።

«አርባ አንድ ነው።»

«እንደገና ቁጠር።»

ቦታ ተቀያየርን። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። እኔ አርባ አንድ፣ እሱ አርባ ሁለት። በረድፍ ቆጠርን፤ በወንድና በሴት ከፍለን ቆጠርን። ለሁለት የተማሩ ሰዎች የማይገባ ጭቅጭቅ በሹክሹክታ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ሰይድ ተናዶ «ያ በመስኮቱ በኩል ያለው ልጅ አይታይህም እንዴ?» አለኝ።

«የትኛው ልጅ?»

«ሰማያዊ ሹራብ የለበሰው ነዋ!»

ሰይድ የሚያስተምረው ሌላ ትምህርት ክፍል ነው። ይበልጣልን አያውቀውም። ወንበሩን አየሁት፤ ባዶ ነው። ከኋላው ጉሙ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል። እግሬ ወደዚያ መሄድ ነበረበት፣ አልሄደም። ፈራሁ፤ ይህን ለመናገር አላፍርም። ወደ ፊርማው ወረቀት ዞርሁ። አርባ ሁለት ፊርማ። ከሦስት ሰዓት ፈተና በኋላ ወረቀት ስንሰበስብም አርባ ሁለት። ሰይድ «አላልሁህም?» በሚል ፊት ፖስታውን አሸገና ሻይ ልጋብዝህ አለኝ። ራሴን አሞኛል ብዬ ወደ ቤቴ ሄድሁ።

በማግስቱ ለእርማት ተቀመጥሁ። አድልዎ እንዳይኖር ብዬ የወረቀቶቹን ሽፋን ወደ ኋላ አጥፌ፣ ስም ሳላይ ነው የማርመው። እጄ በልማድ እየሮጠ ሳለ ከአንዱ ወረቀት አራተኛ ጥያቄ ላይ ደረሰ። ጥያቄው ወደ ጣና የሚገባውንና ከጣና የሚወጣውን ውሃ አስሉ የሚል ነው። ተፈታኙ ግልገል አባይን፣ ርብን፣ ጉማራን፣ መገጭን፣ ዝናቡንም ሳይቀር ደምሮ ሲያበቃ በሚወጣው በኩል ዜሮ አስቀምጧል። ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ነው፤ ሌሎቹ አራት መልሶችም በእንግሊዝኛ ተጽፈዋል። ይህ ግን ከስሌቱ ሥር በአማርኛ፣ በጥንቃቄ በተጣሉ ፊደሎች፣ «ከሐይቁ የሚወጣ የለም» ይላል። በቀዩ እስክሪብቶ «አባይስ?» ብዬ ጻፍሁና ዜሮ ሰጠሁ።

ዜሮውን ካከበብሁት በኋላ ነው እጄ የቆመው። ይህን ስህተት አውቀዋለሁ። ሚያዝያ ላይ በአጋማሽ ፈተና አንድ ተማሪ ብቻ እንዲሁ አባይን የሚያክል ወንዝ ረስቶ፣ እንግሊዝኛው ሲያልቅበት በአማርኛ ጨርሶ፣ ይህንኑ «አባይስ?» ጽፌበት ነበር። ሽፋኑን ገለጥሁት። ይበልጣል ጥበቡ። አራተኛው ጥያቄ ያለበት ገጽ ረጥቦ እንደደረቀ ወረቀት ተጨማድዷል። ክረምት ነው፣ ባሕር ዳር ምን የማይረጥብ ነገር አለ ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ሰው ነኝና መጀመሪያ የጠረጠርሁት ሰው ነው። ተማሪዎቻችን አንድ ለአምስት በሚባል የአምስት ሰው ቡድን ተደራጅተው ነው የሚያጠኑት፤ የይበልጣል ቡድን መሪ ሰላማዊት የምትባል ጎበዝ ልጅ ነች። አስጠራኋት። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታየው አልካደችም።

«እኛ ነን፣ ቲቸር። አባቱ ዶርም ድረስ መጥተው ነበር። አራታችንም ተስማማን። ሦስት ሳምንት ሙሉ አቴንዳንስ የፈረምንለት እኛ ነን፤ ከጎደለ ለፈተና አይቀርብማ። በፈተናውም ፈርመንለት፣ ወረቀቱን በጠረጴዛ ሥር እየተቀባበልን አንድ አንድ ጥያቄ ሠራንለት።»

«እኛ ቆመን እያየን?»

«እናንተማ ትቆጥሩ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ሰብራ።

እውነቷን ነው። ሁለት ፈታኞች ጣታችንን ቀስረን ስንቆጥር፣ የሚቆጠሩት ሰዎች ከሥራችን የሞተ ሰው ያስፈትኑ ነበር። ይህ የዲሲፕሊን ጉዳይ ነው፤ አራቱንም የአንድ ዓመት እገዳ ያስቀጣል። ልቆጣ አፌን ስከፍት አንድ ነገር መጣብኝ። አራት ናቸው። ጥያቄው አምስት ነው።

«አራተኛውንስ ማን ሠራው?»

«አራተኛውን ተውነው። ሰዓት አለቀብን፤ ያለ እሱም ያልፋል ብለን ባዶውን መለስነው።»

ገጹን ከፍቼ ወደ እሷ ገፋሁት። አነበበችው። ቀለሟ ሲለወጥ አየሁ፤ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተነሳች።

«ቲቸር፣ ይኸ የሱ ጽሕፈት ነው» አለች። ከዚያ ሳትሰናበተኝ ወጣች። እሷም ጓደኞቿም ከዚያ ወዲህ በቢሮዬ በኩል ማለፍ ትተው በላይብረሪው ዞረው ነው የሚሄዱት።

መክሰስ እችል ነበር። ማንን ብዬ? ሦስቱን ቁጥር አይቶ የፈረመው እኔው፤ «ሄደህ ለካ» ያለው እኔው። ውጤቱን እንዳለ አስተላለፍሁ። አራቱ ልጆች በሠሩለት አልፏል። ስሙ መዝገብ ላይ ቆየ፤ የመሪጌታም ተስፋ አብሮ ቆየ፤ እኔም ደግ ነገር ሠርቻለሁ ወይስ ክፉ ብዬ ስብሰለሰል ሰነበትሁ። አንድን አባት ከለቅሶው ማገድ ደግነት ይሁን አይሁን እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

ውጤት ከተለጠፈ በኋላ ተማሪ ሁሉ መጥቶ የታረመ ወረቀቱን የሚያይበት ቀን አለ። ያን ቀን ቢሮዬ እንደ ወፍጮ ቤት ነው፤ ግማሽ ነጥብ የሚለምነው፣ የሚያለቅሰው፣ የሚምለው። ወደ ቀትር ገደማ ሰልፉ ሲሳሳ ጥምጥም ብቅ አለ። መሪጌታ ጥበቡ ናቸው። ልጃቸው ማለፉን አንድ የደልጊ ተማሪ ስልክ ደውሎ ነግሯቸዋል።

«ልጄ ተፈትኗል አሉኝ» አሉ። «ወረቀቱን ልየው?»

ደብቄው ነበር። ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋቸው። እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ግን የመጀመሪያውን ገጽ እንደ ብራና ወደ ብርሃኑ አቅርበው አዩት።

«ይህ የሌላ ሰው እጅ ነው» አሉና ገለጡ። «ይህም። ይህም።» ምክንያት ልደረድር ስል በጣታቸው ዝም አሰኙኝ። አራተኛው ላይ ሲደርሱ ዘገዩ። የተጨማደደውን ገጽ በመዳፋቸው አቀኑት፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ተከተሉ። የ«ሐ» እግር ላይ ቆሙ።

«ይህቺን እግር እንዲህ እንዳይጥላት ስንት ዓመት መከርሁት» አሉ። ድምፃቸው ተለወጠ። «መቼ ነው የጻፈው?»

«አላውቅም፣ መሪጌታ» አልሁ። እውነቴን ነበር።

ዓረፍተ ነገሩን በለሆሳስ አነበቡት። ከሐይቁ የሚወጣ የለም። ደግመው አነበቡት። ከዚያ ቀዩን ጽሕፈቴን አዩት።

«ይህስ?»

«እሱ የኔ ነው። ስህተት መስሎኝ ነው።»

«አልተሳሳተም» አሉ። «እናቱን ዛሬ አረዳታለሁ። ስሙንም ታወጡታላችሁ።»

አነጋገራቸው የረጋ ነበር። ልክደው የማልችለውን ነገር ልናገር፤ ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ እንዲለካ የላክሁት እኔ ነኝ አልኋቸው። ትከሻዬን ያዝ አድርገው ለቀቁኝ። ሊወጡ ሲሉ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተማሪዎች ሲፈርሙበት ያዩትን ወረቀት ጠቆሙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ወረቀቱን ያየ ሁሉ ይፈርምበታል፤ ደንብ ነው። ለእርስዎ እንኳ አይደለም…»

«ምን ይላል?»

ማንበብ ነበረብኝ፤ አነበብሁላቸው። «ውጤቴን አይቻለሁ፤ ተቀብያለሁ።»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰዱ። ከልጃቸው ስም አንጻር፣ ተማሪዎች ቸኩለው በሞነጫጨሯቸው ፊርማዎች መካከል፣ ስማቸውን በቁም ጽሕፈት አሳምረው ጻፉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅም ቆመው ጠበቁ።