ሠላሳ ነጭ አንሶላ

ነጋዴን «ገበያ እንዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን አስቀድሞ ያውቀዋል። «ሞቷል» ይባላል። ላሊበላ ተወልጄ እዚሁ ስኖር ገበያ ያልሞተበት ሳምንት አላስታውስም። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን፣ ለለቅሶ ይሁን ለሌላ እንጃ፣ የላስታ ሰው አህያውን እየነዳ ግልብጥ ብሎ ይመጣል።

ይህን እያወቅሁ ነው እንግዲህ የችርቻሮ ሽያጭ መዝጋቢ ሆኜ የተቀጠርኩት። ሙያዬስ አስጎብኚነት ነበር። እንግዳ ሲጠፋ ጊዜ፣ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ብዬ ለአንድ የገበያ ጥናት ፎርም ተሸክሜ በየሱቁ መዞር ጀመርኩ። አስተባባሪያችን ከአዲስ አበባ በስልክ ሲያስረዳን፣ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን ያወቀ ሰው፣ ሕዝቡ ኪሱን ለመፍታት ደፍሮ እንደሆነ ወይም ፈርቶ እንደሆነ ያውቃል አለን። እንዴት ያለ የከበረ ሥራ ነው! አገር በእኔ እስክሪብቶ ጫፍ ላይ የቆመች መሰለኝ።

የመጀመሪያው ሱቅ «ምንም አልተሸጠም» አለኝ። ሁለተኛውም «ምንም»። ሦስተኛው «ምንም» እያለኝ ለአንዲት ሴት ስኳር ይመዝን ነበር።

ሰባተኛው የእትዬ ወለላ ሱቅ ነው። አንሶላና ብርድ ልብስ ይሸጣሉ። ከእናቴ ጋር አንድ ማኅበር ይጠጣሉ፤ እኔን ከልጅነቴ ጀምሮ ያውቁኛል። ፎርሙን ሲያዩ ግን ድንገት አላወቁኝም። የግብር ጉዳይ አይደለም ብዬ ብምል ብገዘት፣ «ወረቀት የያዘ ሁሉ መጀመሪያ እንዲያ ነው የሚለው» አሉኝ። አንሶላ ከሸጡ ዘመን እንደሆናቸው ነገሩኝና «ምንም ብለህ ጻፍ» ብለው አዘዙኝ። ጻፍኩ።

እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ሳላነሳ ጌታነህ እያለከለከ ገባ። ከታች ሰፈር ትንሽ ሆቴል አለው፤ ከዘጋው ቆይቷል።

«እትዬ፣ ነጭ አንሶላ ሠላሳ ይኖርዎታል?»

እትዬ ወለላ እኔን አዩኝ። ፎርሙን አዩ። ከጀርባቸው እስከ ጣሪያው የተደረደረውን አንሶላ ግን አላዩም።

«አልቋል፣ ልጄ» አሉት።

ሳይሸጥ አለቀ! ይህን የትኛው ፎርም ላይ ይጽፉታል? ጌታነህ በጣቱ ወደ ጀርባቸው ቢያመለክት፣ «እሱ የሰው አደራ ነው» አሉ። ምስኪኑን ላብ አጠመቀው። እንግዶቹ ነገ ከሰዓት ይገባሉ፤ ታዲያ አንሶላ ፍለጋ ወልድያ ሊወርድ ነው?

እኔ የሰማሁት «እንግዶቹ» የሚለውን ብቻ ነው። ስንት ናቸው አልኩት። አሥራ አምስት። አስጎብኚ ይዘዋል? «የት ይዘዋል? እሱንም ልፈልግ ነው!»

እስቲ ፍረዱኝ፤ እኔ እዚያ ከቆምኩ አንሶላ የለም። አንሶላ ከሌለ ደግሞ እንግዶቹ ጌታነህ ጋ አያድሩም፤ እኔም ፎርሜን ይዤ እቀራለሁ። ፎርሙን አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩና «እትዬ፣ በእናቴ ይዤዎታለሁ፣ ይሽጡለት። እኔ ደጅ እቆማለሁ፤ አላየሁም» አልኳቸው።

እሳቸው ግን አንሶላውን ረስተውት ነበር። «እንግዳ መጣ ነው የምትሉኝ?» አሉና በርጩማቸው ላይ ቁጭ አሉ። ጌታነህ አዎ ሲላቸው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ከዚያ ተነሥተው አንሶላውን አንድ በአንድ ያወርዱለት ጀመር፤ ሁለት የትራስ ልብስም መረቁለት። እኔ ውጭ ቆሜ መንገድ መንገዱን አያለሁ፤ ምስክር አልሆንም ብያለኋ።

ጌታነህ ተሸክሞ ሲወጣ ድምፃቸውን ሰማሁ። «አንተ! ና ግባ። ያን ‹ምንም› ያልኩህን ሰርዘውና ሠላሳ ብለህ ጻፍልኝ። ይህን ያህልማ ሸጬ ልደብቀው? ደስታዬን ማን ይይልኝ!»

ሰረዝኩና ጻፍኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ ረፋድ ላይ አስተባባሪው ደወለ። ከተማው በሙሉ «ምንም» እያለ አንዲት ባለሱቅ ብቻዋን ሠላሳ አንሶላ ሸጠች ማለት የማይመስል ነገር ነው አለኝ። የአጻጻፍ ስህተት መሆን አለበት፤ አሁኑኑ ሄጄ አጣርቼ ላርም።

እኔ በዚያ ሰዓት ቤተ ማርያም ደጃፍ ላይ ነበርኩ። በእትዬ ወለላ አንሶላ ሲያንኮራፉ ያደሩ አሥራ አምስት ሰዎች ከፊቴ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን ያወልቃሉ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ዛሬ አይመቸኝም» አልኩት። «ስህተቱን እያስጎበኘሁት ነው።»