ሂሳቡ እምቢ ያላቸው ጋሼ መኩሪያ

ሐበሻ አምስት ሆኖ በተሰበሰበበት ሁሉ የሰው ዕድሜ የሚቆጥር አንድ ሰው አይታጣም። ፌርፋክስ በሚባለው የፈረንጅ አገር የሐበሻ ሰፈራችን ይህን ከባድ ኃላፊነት፣ ማንም ሳይሾማቸው፣ የተረከቡት ክቡር ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ቀን መኪና ማቆሚያ ቦታ ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ከሥራ መልስ አምሳለ የምታስተናግድበት ምግብ ቤት ጥግ ይይዙና ወደ ዋናው ሥራቸው ይገባሉ።

አጠያየቃቸው ሲሰሙት ምንም ተንኮል የለበትም። ሻያቸውን እያማሰሉ፣ ለመሆኑ ማትሪክ የወሰድሽው መቼ ነው ይላሉ። የዋሁ ሰው ይመልሳል፤ አለቀለት። ጣታቸውን አጠፍ አጠፍ አድርገው "ሂሳቡ እምቢ አለኝ" ይላሉ። የሰፈራችን ውብነሽ አርባ ዓመቷን ስታከብር ይችኑ ቃል ሰምታ፣ ሻማዋን ሳታጠፋ ወጥታለች። አንድ ጎልማሳማ ሚስት ሊያጭ ከሎንግ ቢች ድረስ ነድቶ መጥቶ፣ እሳቸውን በመስኮት ሲያይ መኪናውን አዙሮ ተመለሰ ይባላል።

አምሳለ ግን ትወዳቸዋለች። ልጇ ኤልያና አዲስ አበባ ስትወለድ፣ ለገና ሄደው ስለነበር ሆስፒታል በር ላይ የቆሙት እሳቸው ናቸው።

ይቺ ኤልያና ናት እንግዲህ በአሥራ ሦስት ዓመቷ በአይስ ሆኪ፣ በበረዶ ላይ በሚጫወቱት ጨዋታ፣ ያበደችው፣ ያውም በዚህ ሁሉ ፀሐይ። ለጓደኛዋ ልደት የበረዶ መንሸራተቻ ቤት ሄዳ ተንሸራታ መጣች፤ በቃ፣ ልቧ እዚያው ቀረ። የሆኪ ሕግ ደግሞ ልጆችን የሚመድበው በተወለዱበት የፈረንጅ ዓመት ነው። ኤልያና የተወለደችው ታኅሣሥ ሃያ አንድ፣ ፈረንጆች ዓመት ሊቀይሩ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ነው። ስለዚህ የምትጫወተው በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ከተወለዱ፣ አንድ ዓመት ገደማ ከሚበልጧት ልጆች ጋር ነው። እነሱ ትከሻ አውጥተዋል፤ እሷን ሄልሜቱ ራሱ ይከብዳታል። አሠልጣኟ፣ "ጎበዝ ናት ግን ታንሳለች፣ በሚመጣው የቡድን ምርጫ ቦታ ላታገኝ ትችላለች" ስትል፣ ልጅቱ እስከ ቤት ድረስ መኪና ውስጥ አለቀሰች።

አምሳለ መላ መታች። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ፣ ስትወለድ የነበረ ምስክር ከተገኘ የልደት ወረቀቱን ሁለት ቀን ፈቀቅ ማድረግ ቀላል ነው ብሏታል። በዕድሜ ነገር ደግሞ ከጋሼ መኩሪያ በላይ ማን ይታመናል? ጥብሳቸውን ሳያዙ አቀረበች፣ ኤልያናን ጎናቸው አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የምለምንዎት። አንድ ዓመት ዝቅ ብላ ትጫወታለች።"

ጥብሱን ገፋ አደረጉት። "ሂሳቡ እምቢ አለኝ" አሉ።

አምሳለ ተናደደች። ያን ሁሉ ሰው ያሳቀቁበት ሂሳብ ለአንዲት ልጅ ቢታጠፍላት ምን ይጎድልብዎታል አለቻቸው። ይሄኔ ኤልያና ቀና ብላ፣ እንደ እኩያዋ፣ እንግሊዝኛ ቀላቅላ፣ "ጋሼ፣ ሶ፣ አንተ ስንት ዓመትህ ነው?" አለች።

ለካ በዚህ ሁሉ ዘመን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

"በወረቀት ስልሳ አራት፣ በእናቴ አቆጣጠር ሰባ አንድ" አሉ ቀስ ብለው። "ሱዳን ስደት ላይ እያለሁ፣ ወደ ፈረንጅ አገር የሚወስዱት ወጣት ነው ሲሉኝ ሰባት ዓመት ቀነስኩ። ይኸው ጉልበቴ ጡረታ ወጥቷል፣ ወረቀቴ ገና ሥራ ላይ ነው።" ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞሩ። "አንቺ ትንሽ አይደለሽም፤ ዘግይተሽ የመጣሽ ነሽ። ይደርስልሻል።"

አምሳለ ንዴቷ የት እንደገባ አላወቀችም። ከወንበር ሲነሱ ጉልበታቸውን ሲይዙ ስንቴ አይታለች፤ አንድ ቀን እንኳ ምነው አላለችም። አፈረች።

ቅዳሜ ጋሼ መኩሪያ ከሥራ ፈቃድ ጠይቀው፣ ሁለት ጃኬት ደርበው በረዶው ቤት ተገኙ። አሠልጣኟን ይዘው፣ ልጅቱ መለካት ያለባት ከአምና ችሎታዋ ጋር እንጂ ዓመት ከቀደሟት ጋር አይደለም ብለው፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ተከራከሩ። አሠልጣኟ ሳቀች፤ እሷም ይህንኑ ስታስብ ነበር የከረመችው። ኤልያና ዋናው ቡድን አልገባችም፤ ሁለተኛው ቡድን ውስጥ ግን ቦታዋን አገኘች። ከዚያ ወዲህ ጋሼ ከግጥሚያ ቀርተው አያውቁም። በወደቀች ቁጥር ተነስተው "ዲሴምበር ናት፣ ታገሷት!" ይላሉ፤ የፈረንጅ ወላጆች ግራ ይገባቸዋል።

ኤልያና የልደት ቀናቸውን ጠይቃ አወጣጣቻቸው፤ የሰማችውንም ሁሉ ለሰዉ አዳረሰች፤ ሲደርስም ያስቀየሙት ሰው ሁሉ ምግብ ቤቱን ሞላው። ኬኩን ያመጣችው ውብነሽ ናት። ልክ እንደ ወረቀታቸው፣ ስልሳ አምስት ሻማ ተክላበታለች። ጋሼ መኩሪያ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ጣታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

"ሂሳቡ እምቢ አለኝ" አሉ። "ሰባት ይጎድላል።"

ውብነሽ ቦርሳዋን ከፈተች፤ ሰባቱን ለይታ ይዛ ነበር የመጣችው።