የአራቱ ሰርቨሮች አባት

በየመሥሪያ ቤቱ ለማሽን አንጀቱ የሚንሰፈሰፍ፣ ለሰው ግን ደንታ የሌለው አንድ አለቃ አለ። የለም የሚል ካለ ወይ ሥራ ይዞ አያውቅም፣ ወይ አለቃው ራሱ እሱ ነው። ፎቶኮፒው ሲያቃስት ሮጦ ይደርሳል፤ ጸሐፊዋ ስታቃስት «እባክሽ በሩን ዝጊው» ይላል። የመኪናው ሞተር እስኪሞቅ በትዕግሥት ይጠብቃል፤ ሠራተኛው ግን ገና ከበር ሲገባ እሳት እንዲተፋ ይፈልጋል። የእናንተን እናንተ ታውቁታላችሁ። የእኛን ልንገራችሁ፤ የእኛ ይብሳል።

ክቡርነታቸው የኢሜይል ክፍል ኃላፊ ናቸው። ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ከጀርባ «ሚዛን» እንላቸዋለን። መሥሪያ ቤታችን ለተፈታኞች የፈተና ውጤት በኢሜይል ይልካል። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን የሚላከው ስፍር ቁጥር ስለሌለው አንድ ማሽን አይችለውም። ስለዚህ አራት አሻጋሪ ሰርቨሮች አሉን፤ መልእክቱን ከእኛ ተቀብለው ወደ ውጪ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው። የክቡርነታቸው ሥራ ሸክሙን ለአራቱ ማከፋፈል ነው፤ ለዚህኛው ይህን ያህል፣ ለዚያኛው ያን ያህል እያሉ። እኔ ሥራ አልኩት እንጂ እሳቸው አባትነት አድርገው ነው የያዙት።

ትልቁን ሰርቨር «በኩር» ይሉታል። ሁለቱ ተመሳሳዮች «መንትዮቹ» ናቸው። በቅርብ የመጣችው «ታናሿ» ትባላለች፤ የቤቱ ቅምጥል እሷ ናት። አዲስ ስለሆነች ውጪ ያሉት ተቀባዮች ገና አያምኗትም። ድንገት ብዙ ኢሜይል ከላከች አጭበርባሪ መስላቸው በር ይዘጉባታል። እናም በቀን ጥቂት ጥቂት እየሰጡ ያለማምዷታል። አንድ ጊዜ ተሳስቼ ድርሻዋን ከፍ ባደርግ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ። «ልጅቷን ልትገድያት ነው እንዴ!» ብለው ጮኹብኝ። እኔ በዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም ነበር። የጠየቀኝ የለም።

እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ኮርቼባቸዋለሁ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ሹል ጫማቸውን እያንቋቁ መጡና «አራት ማሽን ካለ ለአራት እኩል ማካፈል ነው! ይሄ ምን ምርምር ይፈልጋል?» አሉ። ክቡርነታቸው ከመቀመጫቸው ንቅንቅ አላሉም። «ጌታዬ፣ ቤትዎ ዕቃ ሲያጓጉዙ ቁምሳጥኑን ለእርስዎና ለአራት ዓመቷ ልጅዎ እኩል ነው የሚያካፍሉት? ሁሉም በአቅሙ!» ሥራ አስኪያጁ ጫማቸውን እያንቋቁ እንደመጡ ተመለሱ። «ሁሉም በአቅሙ» የክቡርነታቸው ሃይማኖት ነው። ጉዱ ግን ሃይማኖቱ ከማሽኖቹ ክፍል በር አያልፍም።

የማሽኖቹ ክፍል ብርድ ብርድ ይላል፤ የእኛ ክፍል ምጣድ ነው። ድሮ አንድ ማራገቢያ ነበረን። በኩር ትንሽ ሞቀ ተባለና ማራገቢያችን ተነቅሎ ሄደ፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰ። «ላባቸው አይታይም እንጂ እነሱም ይደክማሉ» አሉን፣ የእኛ ላብ ጠረጴዛው ላይ እየተንጠባጠበ። የመስመር ሠራተኛችን አንድ ቀጭን ልጅ ነው፤ ሽቦ እንለዋለን። ትኩሳት ይዞት ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ቢመጣ ክቡርነታቸው ቀና ብለውም አላዩት። «ሰውነት ራሱን ያስተካክላል፤ ማሽን ነው የማይችለው» አሉና አንደኛውን መንታ በመዳፋቸው ግንባሩን እንደሚነካ ሕፃን ዳበስ አደረጉት። ሽቦ እኔን አየኝ፤ እኔም ሽቦን አየሁት። ሌላ ምን እናድርግ?

ይህ የማካፈል አባዜ ውጪም ይከተላቸዋል። ሊፍት ውስጥ ሰው ያዘዋውራሉ፤ «እርስዎ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፤ እናንተ ቀጫጮቹ ወደዚያ፤ አንድ ወገን አትጫኑበት»። ለሊፍቱ ነው የሚያዝኑት፣ ለሰዎቹ አይደለም። ከገበያ ሲመለሱ መንገድ ላይ ቆመው ብርቱካን ከአንዱ ፌስታል ወደ ሌላው ሲያሻግሩ ስንቴ አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱ እጆቻቸው እንዳይቀያየሙ ይመስላል። እንዲህ ያሉት ሰው ግን ምግብ የሚያኝኩት በአንድ በኩል ብቻ ነው። የግራ መንጋጋቸው ጥርስ ከተበላ ቆይቷል። «ይታከሙት እንጂ ጋሼ» ስንላቸው «ሰልፉ ይቅለል» ይላሉ። ሰልፉ ማለት ለመውጣት ተራ የሚጠብቀው ኢሜይል ነው፤ እኔ እዚያ ከገባሁ ጀምሮ ቀልሎ አያውቅም።

አሁን ወደ ሆዴ ቁስል ልግባ። ኢሜይሉ ከወጣ በኋላ «ውጤቴ አልደረሰኝም» የሚል ቅሬታ ይጎርፋል። ቅሬታውን የምናየው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ሽቦና ራሳቸው። ለእኛም እንደ ሰርቨሮቹ ማከፋፈያ ሠርተውልናል። ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን ላይ ከላይ የአራቱ ማሽኖች ድርሻ ይታያል፤ ከታች የሦስታችን። እኛ ከታች መሆናችን ልብ ይባልልኝ።

የውጤት ሰሞን ሲደርስ ወንድሜ ደወለ። እናታችን ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው። ሐኪሞቹ ሆዷን ከፍተው ካላዩ አይሆንም ማለታቸውን፣ ቀኑም መቆረጡን ነገረኝ። ስልኩን ተቀብላው «ሥራ ካለሽ አትምጪ» አለችኝ። እናት «አትምጪ» ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ የማያውቅ ልጅ አለ? እየፈራሁ ክቡርነታቸው ጋ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እናቴ ኦፕራሲዮን ልትደረግ ነው። ፈቃድ እንዲሰጡኝ ነበር።»

«መቼ ነው?»

ነገርኳቸው። ዓይናቸው ከስክሪኑ ላይ አልተነቀለም። «በእጅሽ ያለው ቅሬታ ምን ያህል ነው?» አሉ።

«ብዙ ነው።»

«እህ» አሉና ወደ ታናሿ ፊታቸውን አዞሩ። በቃ። አዎም የለ፣ አይሆንምም የለ፣ «እግዜር ይማራት» እንኳ የለ። ደሜ ፈላ። ታናሿ አንድ ኢሜይል ሲመለስባት ግማሽ ቀን የሚተክዙ ሰው ለእናቴ ሆድ አንዲት «እህ» ሰጡኝ።

በማግስቱ ቅሬታ ቀነሰብኝ። ዕድሌ ነው አልኩ። በሦስተኛው ቀን ጭራሽ ነጠፈ። ሽቦ ወንበሩን እየጎተተ ተጠጋኝና በሹክሹክታ «አንቺ፣ ስክሪኑን አይተሽዋል?» አለኝ። ቀና ብዬ ሳይ በስሜ ትይዩ ያለው ድርሻ ዜሮ ሆኗል።

እዚህ ቤት ዜሮ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ታናሿ ከመምጣቷ በፊት «አሮጊቷ» የምትባል ሰርቨር ነበረችን። ክቡርነታቸው መጀመሪያ ድርሻዋን ቀነሱ። ቀጥሎ ዜሮ አደረጉት። የያዘችውን ጨርሳ ጸጥ ስትል አጠፏትና ሽቦ ተሸክሞ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወራት። እንዲያውም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኔ ስወጣ እንደማያለቅሱልኝ ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ።

ያን ሳምንት እንቅልፍ ባይኔ አልዞር አለ። ሳይፈቀድልኝ ብሄድ ራሴ የመባረሪያዬን ሰበብ ማቀበሌ ነው። ብቀር ደግሞ እናቴ ከዚያ ክፍል ባትወጣስ? ያቺ ሴት እኮ ለእኔ ብላ ያልተሸከመችው የለም፤ ያውም ማንም ድርሻ ሳይለካላት። ኦፕራሲዮኑ ነገ ሊሆን ዛሬ፣ ቆሽቴ አርሮ የማሽኖቹን ክፍል በር በርግጄ ገባሁ። ክቡርነታቸው ታናሿ አጠገብ ቆመዋል፤ በአንድ እጃቸው ጉንጫቸውን ደግፈዋል።

«ጋሼ! ሊያባርሩኝ ከሆነ እንደ ሰው ይንገሩኝ!» አልኩ። ማሽኖቹ ስለሚጮኹ እኔም ጮህኩ። «እናቴ ነገ ቢላዋ ሥር ነች፤ እርስዎ እኔን እንደ አሮጌ ብረት ሊጥሉኝ ይዘጋጃሉ! አንድ ቀን እንኳ እንደነዚህ ቆርቆሮዎች አዝነውልኝ ያውቃሉ?»

«ማነው የሚያባርርሽ?»

«ድርሻዬን ዜሮ ያደረገው ማነው ታዲያ? ግድግዳው ላይ ለአገር ምድሩ ተለጥፏል እኮ!»

«እኔ ነኝ» አሉ፣ ጭራሽ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «አንድን ሰርቨር ለጥገና ከመስመር ስታወጪ ምን ታደርጊያለሽ?»

«አሁን ፈተና ነው የያዙት?»

«መልሺ እስቲ።»

«አዲስ ነገር አቆምበታለሁ።»

«ከዚያስ?»

«የያዘውን እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።»

«ሳይጨርስ ብትነቅይውስ?»

«የያዘው ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል።»

«እህሳ! አንቺስ ያ ሁሉ ቅሬታ አንገትሽ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ስልክሽ እየጮኸ ነበር እናትሽ ራስጌ የምትቀመጪው? የያዝሽውን ትናንት ጨርሰሻል። ለአስተዳደር ነግሬያለሁ። ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂ እንጂ!»

ለጥገናም ይሁን ለመጣል አጀማመሩ አንድ ነው፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት ግን የአሮጊቷን ብቻ ነበር። ላንቃቸው ወይስ ልሳማቸው ግራ ገባኝ።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ።

እሳቸውም በተራቸው ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «የሚነገር ነገር ነው እንዴ? አይታይሽም?»

እናቴ ወደ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ደረስኩ። ገርጥታለች፤ ምላሷ ግን አልታመመም። «ያ ለማሽን የሚያለቅሰው ሰውዬሽ ለቀቀሽ?» አለችኝ። «ለቀቀኝ» አልኳት። «ሰው ነዋ ታዲያ» አለችና እስከ በሩ ድረስ እጄን ይዛ ሄደች። ስትወጣም ያው እጅ እዚያው ጠበቃት። ዳነች፤ አልጋዋ አጠገብ በቆየሁበት ጊዜ ሁሉ ስልኬ አንድ ጊዜ እንኳ ለሥራ አልጮኸም።

ስመለስ ስክሪኑ ላይ ድርሻዬ ትንሽ ነው። «ቀስ እያልሽ ትለምጃለሽ» አሉኝ ክቡርነታቸው። ገባኝ፤ ታናሿ ሆኛለሁ። ሲናገሩ አፋቸው በደንብ አይከፈትም። ግራ ጉንጫቸው አብጦ ዓይናቸውን ሊደፍነው ደርሷል። ሽቦን ለብቻው ይዤ «የእኔን ሥራ ስትሠራ ከረምክ፣ አይደል?» አልኩት።

«እኔ? አንድም አልጨመሩብኝ። ሽቦ አቅሙ ይሄ ነው አሉ። ሁሉንም ለራሳቸው ነው ያዞሩት። የጥርስ ሐኪም ቀጠሮ ነበራቸው፤ እሱንም ሰረዙት።»

ስክሪኑን አየሁ። የሳቸው ድርሻ የእኔንና የሽቦን ደርበው ቢያነጻጽሩት የሚበልጥ ነው። ለሊፍት የሚያዝኑ ሰው፣ ብርቱካን እያሻገሩ ሁለት እጃቸውን የሚያስታርቁ ሰው፣ በራሳቸው ላይ ሲሆን ሚዛኑ ይጠፋባቸዋል። አንጀቴን በሉት። ያንን ያነቀኝን ሳምንት ግን አልረሳሁላቸውም፤ እሱ ለብቻው ነው።

ሽቦ ለጥርስ ሐኪሙ ደወለ። እኔ ማከፋፈያውን ከፍቼ የክቡርነታቸውን ድርሻ ዜሮ አደረግኩትና ሥራውን ለሁለታችን በየአቅማችን ደለደልኩት። ከዚያ ዝም። ጠዋቱን ሙሉ ዝም። ቅሬታ እየነጠፈባቸው ሲሄድ ስክሪኑን አዩ፣ መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ደግመው አዩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ያ ፊት የኔ ፊት ነበር፤ አውቀዋለሁ። ይበላቸው ብዬ እስከ ምሳ ድረስ ተውኳቸው።

ከምሳ በኋላ ወንበሬ አጠገብ መጥተው ቆሙ። ድምፃቸው ዝቅ ብሏል። «ልጄ፣ ከላይ የተባለ ነገር አለ? ስለኔ የሰማሽው አለ?»

«ምንም የለም። የያዙትን ጨርሰዋል፤ አዲስ አይመጣም። ሐኪሙ እየጠበቀዎት ነው፤ ይሂዱ።»

ደማቸው ቀስ እያለ ፊታቸው ላይ ተመለሰ። ኮታቸውን አነሡ፤ ማሽኖቹን በመስታወቱ አሻግረው ተሰናበቱ፤ በሩ ላይ ደርሰው ግን ዞሩብኝ። ቁጣቸው የምር ነበር።

«ቀድመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ልቤ ሊቆም ነበር እኮ!»

«የሚነገር ነገር ነው እንዴ?» አልኳቸው። «አይታይዎትም?»

አፍጥጠው አዩኝ። ቀስ ብለው ባላበጠው በኩል ብቻ ሳቁና ወጡ።