አገውኛ የማይሰማው ባል

ትዳር የሚፈርሰው ባለመግባባት ነው ይባላል። እኔም እንዲሁ እያልኩ ስንቱን ተማሪ አስመርቄያለሁ መሰላችሁ! አሁን ግን አፌን ሞልቼ የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤ ባልና ሚስት ከልክ በላይ ተግባብተውም ለፍቺ ይደርሳሉ። አታምኑኝም? መጀመሪያ ስሙኝ።

ሥራዬ የተጣሉ ቤተሰቦችን ማማከር ነው። ወረታ ውስጥ ከአንድ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ጀርባ አንዲት ክፍል አለችኝ። ወፍጮው ሲነሳ ባልና ሚስት ለመሰማማት መጮህ ግድ ይሆንባቸዋል፤ ለመጮህማ ከእኔ ዘንድ መምጣት ምን አስፈለገ? ቤታቸው ይበቃቸው ነበር። ሙያውን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። የማስተምረውም በእንግሊዝኛ ነው። የማማክረው ግን የዙሪያችንን ገበሬ፣ ፎገራን ነው፤ ፎገራ ደግሞ በእንግሊዝኛ ተጣልቶ አያውቅም። ስለዚህ ስተረጉም እውላለሁ።

ባለፈው ክረምት አንድ ዓርብ፣ ለልምምድ የመጡ ሁለት ተማሪዎቼን አጠገቤ አስቀምጬ ሳለ ጥጋቡና የሺ ገቡ። ጥጋቡ ከከተማው ወጣ ብሎ ሩዝ የሚያርስ፣ ከብት የሚያረባ ትከሻ ሰፊ ገበሬ ነው። የሺ ደግሞ የአገው ልጅ ናት። እሱ በጎረምሳነቱ ለመንገድ ሥራ እንጅባራ ሄዶ አያት፣ ወደዳት፣ ሽማግሌ ልኮ አመጣት። ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ሆናቸው።

ጠባቸውን ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠው አልፈቱትም። ጥጋቡ አንድ ቀን ከእርሻ ገብቶ፣ ጭቃውን ሳይታጠብ፣ «ከእንግዲህ በዚህ ቤት አገውኛ አይነገርም!» ብሎ አወጀ። ለልጃቸውም በስልክም። የሺም «እኔ የመጣሁት ከነቋንቋዬ ነው፤ የምሄደውም ከነቋንቋዬ ነው» ብላ ልብሷን ሸከፈች። እሑድ ጠዋት ልጇን ይዛ መኪና ልትሳፈር ቆርጣለች። ቀርቶን የነበረው አንድ ቅዳሜ ብቻ ነው ማለት ነው።

እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ መጽሐፉ እንደሚያዘው፣ «እስቲ ስሜታችሁን ተጋሩ» አልኩ። ጥጋቡ ግንባሩን ቋጠረና፣ የእኩል ነው ወይስ የሲሶ ብሎ ጠየቀኝ። እውነቱን ነው! ፎገራ ላይ ሰው የሚጋራው መሬት ነው፣ በሬ ነው፤ ስሜት የሚባል ማሳ ማን አለው? ተማሪዎቼ ፊታቸውን በደብተራቸው ሸፈኑ። ተስፋ አልቆረጥኩም። «እሺ፣ እሷ በአገውኛ ስትናገር ምን ይሰማዎታል?» አልኩት። ጆሮውን ወደ መስኮቱ አዘነበለና «አሁንስ ወፍጮው ብቻ ነው የሚሰማኝ» አለኝ።

ወደ የሺ ዞርኩ። እሷ ደግሞ ብትጠየቅም «ምን እላለሁ»፣ ብትለመንም «ምን እላለሁ»። አማርኛ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም፤ ገበያ ብትወርዱ የይፋግን ነጋዴ ሁሉ ተከራክራ ትረታለች። ነገር ግን ሰው በገበያ ቋንቋው ያለቅሳል እንዴ? ያኔ ነው አንድ ሐሳብ ብልጭ ያለልኝ፤ ደስታው ከወንበሬ አስነሳኝ።

«በአገውኛ ይንገሩን!» አልኳት።

«ማን ሊሰማት?» አለ ጥጋቡ ብድግ ብሎ።

«ማንም አይስማ። እሷ ብቻ ትናገር።»

የሺ ትንሽ አመነታችና ጀመረች። ወይ ጉድ! ያቺ «ምን እላለሁ» ባይ ሴት የት ሄደች? እጇ ተነሣ፣ ዓይኗ በራ፣ ድምፅዋ ወፍጮውን አሸነፈው። ተቆጣች፣ አዘነች፣ የሆነ ሰው ድምፅ አስመስላ ተናገረች። እኛ ሦስት ምሁራን አንዲት ቃል ሳይገባን አፋችንን ከፍተን አዳመጥናት።

መሐል ላይ ጥጋቡ ሳቀ።

ቀስ ብሎ ቢሆን ባላስተዋልነው። ከት ብሎ ነው የሳቀው፤ ወዲያው አፉን በጋቢው አፈነ። የሺ ቀጥ አለች። ዓይኗን አጥብባ አየችውና አንዲት አጭር ነገር በአገውኛ፣ በለሆሳስ ተናገረች። ምን እንዳለችው እስከ ዛሬ አልነገሩንም፤ የባልየው ዓይን ግን እንባ ሞላ።

«ትሰማለህ?» አለችው በአማርኛ። «አገውኛ ትሰማለህ!»

«አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ በጆሮዬ ሲገባ ድንጋይ ብሆንስ አልሰማም?» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «ሲያንኮራፋ ጊደሮቹ ይመልሱለታል ስትይ ሳቄ አመለጠኝ።»

«ታዲያ ለምን ደበቅከኝ?»

«መስማቴን ብታውቂ ትተዪዋለሽ ብዬ። ለእኔ የማትነግሪኝን ሁሉ ለእህትሽ በስልክ ስትነግሪ ነበር የምሰማው።»

«የከለከልከኝሳ ለምንድን ነው?»

ጥጋቡ ጋቢውን ሰበሰበ። «በቀደም ለእህትሽ ‹ደክሞኛል፤ አገሬ መግባቴ ነው› አልሻት። እንዳልመልስልሽ፣ አልሰማም ብዬ ኖሬያለሁ። እንዳልተወው አንጀቴ እምቢ አለኝ። ቋንቋውን ብከለክለው ነገሩም አብሮ የሚቀር መሰለኝ።»

መጽሐፎቼ በሙሉ በዚህ ሰው ፊት ተዘጉ። የሺ ግን አላለቀሰችም፤ በጣቷ መቁጠር ጀመረች። የአገሬ ማር አማረኝ ብላ ለእህቷ በነገረች በሳምንቱ ማር ገብቶላታል። እናቴ ትናፍቀኛለች ባለች ጊዜ ባሏ በገዛ አፉ «ሄደሽ ጠይቂያት» ብሏታል። ነጠላዬ አረጀ ባለች ጊዜም አዲስ ነጠላ። እሷስ ቅዱስ ጊዮርጊስ ሰምቷት መስሏት ስለት ስታስገባ ኖራለች!

«ሦስት ጃንጥላ!» አለች። «ሦስት ጃንጥላ ነው ያስገባሁት!»

«የከንቱ አይዶለም» አለ ጥጋቡ። «ቋንቋሽ እንዲህ በዋዛ የሚገባ አይዶለም፤ ጊዮርጊስ ሳይረዳኝ አይቀርም።»

ያኔ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ድንገት ቆረጠችና፣ ስለ እናትህ ያልኩትንም ሰምተሃል እንዴ ብላ ጠየቀችው። ሰምቷል። በአብዛኛው ይስማማል። ጠቡ እዚያው ክፍል ውስጥ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ግን ምን ዓይነት ጠብ! በአገውኛ፣ ሁለቱም፣ እኩል ለእኩል። እሱ ቃል ሲሳሳት እሷ ታርመዋለች፤ ካረመችው በኋላ ስድቧን ትቀጥላለች።

እሑድ የሺ እንዳለችው መኪናው ላይ ተሳፈረች። አጠገቧ ልጇ፣ ከልጇ አጠገብ ጥጋቡ። አማቶቹ ለዘመናት ፊት ለፊቱ ሲያሙት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ «እንደምን ከረማችሁ» ብሎ በአገውኛ ሰላምታ ሲሰጣቸው የሆኑትን ብታዩ ጥሩ ነበር።

ዓርብ ዕለት ሲወጡ የሺ በሩ ላይ ቆማ ወደ እኔ እያየች አንድ ነገር በአገውኛ ተናግራ ነበር። ጥጋቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምን አለች ብዬ ስጠይቀው፣ «እግዜር ይስጥልን ነው» አለኝ። ለምስጋና ትንሽ ረዘም አላለም? ከሁለቱ ተማሪዎቼ አንዷ ግን ድምፁን በፊደል ጽፋ ይዛው ኖሮ፣ ሐሙሲት ከተማ የሚያስተምር አንድ የአገው ተወላጅ አግኝታ አስተረጎመችው።

«ይኸ ሰውዬ የሚፈውሰው ዝም ሲል ነው።»

ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይመጣል! ዛሬ አዲስ ተማሪዎች በገቡ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን የማስተምረው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ፣ ማንንም ሳላስተነፍስ።