የበሩ ውሻና አንቀጽ አምስት

[ሱቫ የተባለች የደሴት ከተማ፤ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ዋና በር። የበሩ ጥበቃ ሴሩ ከቢሮ የደረሰውን አዲሱን የእንስሳት ደንብ እንደ ዳዊት ደረቱ ላይ ለጥፎ መንገዱን ዘግቷል። አትክልተኛው ዳያል ጋሪ ይገፋል፤ ጋሪው ውስጥ ቡናማ ውሻ ተጋድማለች።]

ሴሩ፦ ወዴት ወዴት! ይሄ ውሻ አይገባም አልኩህ እኮ!

ዳያል፦ ይሄ አትበል እንጂ።

ሴሩ፦ ምን ልበል ታዲያ? ፍየል ነው?

ዳያል፦ ሴት ናት። ስትሰማህ ቅር ይላታል።

ሴሩ፦ [በረጅሙ ይተነፍሳል] ስማ ዳያል፣ ቀስ ብዬ ላስረዳህ። አንቀጽ ሦስት፦ የቤት እንስሳ ወደ ግቢው መግባት ክልክል ነው።

ዳያል፦ እሷ መች ገባች? እዚሁ ነው የተወለደችው፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ።

ሴሩ፦ ይባስ ብሎ! ሳታስፈቅድ ተወልዳለቻ!

ዳያል፦ እንቁራሪቶቹስ? ኩሬው ሙሉ ናቸው።

ሴሩ፦ እነሱ የዱር ናቸው። አንቀጽ አራት፦ የዱር እንስሳ መንካት ክልክል ነው።

ዳያል፦ ወይ ጉድ! ትናንት አንዱ ቦቲዬ ውስጥ ገብቶ ነካኝ። ጥፋተኛው ማናችን ነው?

ሴሩ፦ ጭንቅላትህ! ጥፋተኛው እሱ ነው! ይልቅ አራት ሰዓት ላይ የእንስሳት ማቆያው መኪና መጥቶ ይወስዳታል።

ዳያል፦ [ድምፁ ወረደ] ከዚያስ?

ሴሩ፦ ፈላጊ ካልመጣ... እኔ እንጃ። ደንቡ እዚያ ድረስ አይሄድም።

[ዓይኑን ከውሻዋ ላይ አሸሸ። በየቀኑ ከምሳው የተረፈውን ካሳቫና ዓሣ ሲወረውርላት ማንም አላየኝም ብሎ ነው የሚያምነው።]

ዳያል፦ በደንቡ የሚተርፍ ውሻ የለም ማለት ነው?

ሴሩ፦ አንቀጽ አምስት፦ ማየት የተሳነውን ሰው የሚመራ ውሻ ብቻ! ቅጽ ተሞልቶ፣ ተረጂው ራሱ ፈርሞበት። አንተ ግን ዓይንህ እንደ ጭልፊት ነው፤ የጎደለህ ሌላ ነው።

ዳያል፦ [ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት ያወጣል] ቢሮ የሰጡኝ ይሄን ነው። ሴሩ ይፈርምበት አሉኝ።

ሴሩ፦ የውሻዋ ማስወጫ ቅጽ ነዋ! አምጣው።

ዳያል፦ አታነበውም?

ሴሩ፦ ደንቡን በቃሌ የምወጣውን ሰውዬ አንተ ልታስነብበኝ? ብቻ እውነቱን ሞልተሃል?

ዳያል፦ ያየሁትን ነው የጻፍኩት።

ሴሩ፦ [ፊርማውን በትልቁ ያሳርፋል] እንዲህ ነው ሥራ! ተማር።

[የማቆያው መኪና መጥቶ ቆመ። ሾፌሩ ቶማሲ ገመድ ይዞ ወረደ።]

ሴሩ፦ ያቻት፣ ጋሪው ውስጥ።

ዳያል፦ ወረቀት አላት።

ቶማሲ፦ [ተቀብሎ ጮክ ብሎ ያነባል] «የውሻዋ ሥራ፦ መምራትና ማንቃት። ተረጂ፦ የዋናው በር ጥበቃ አቶ ሴሩ። ችግሩ፦ ከምሳ በኋላ ምንም አያይም። የኃላፊው መኪና ሲመጣ ጮኻ የምትነግረው እሷ ናት።» ቢሮውም ማኅተሙን አድርጎበታል።

ሴሩ፦ ምን?! ውሸት ነው! እኔ አያለሁ!

ቶማሲ፦ ፊርማው የእርስዎ አይደለም?

ሴሩ፦ የኔ ነው፣ ግን...

ቶማሲ፦ ምን ላይ እንደፈረሙ አይተዋል?

[ሴሩ አይቻለሁ ቢል፣ በሥራ ሰዓት እተኛለሁ ብሎ በፊርማው መመስከሩ ነው።]

ሴሩ፦ ...አላየሁም።

ቶማሲ፦ [ኮፍያውን ያወልቃል] ውይ፣ ይቅር ይበሉኝ አባቴ! ቁጭ ይበሉ፣ ወንበሩ በስተቀኝዎ ነው። [ክንዱን ይዞ እየመራው፣ ወደ ዳያል ዞሮ በሹክሹክታ] ምስኪን! ለተመልካች እኮ የሚያይ ነው የሚመስለው።