ተቀባይነት ያላገኘ ሙቀት

መሥሪያ ቤታችን በሥልጣኔ ጎዳና ላይ ያስመዘገበውን አንጸባራቂ ድል ሳይጽፉ ማለፍ ለታሪክም ለደመወዝም ውለታ ቢስ መሆን ነው። እኔ ደግሞ ደመወዜን እወዳለሁ። ስለዚህ እጽፋለሁ።

ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር የምንገኝ የከብት ክትባት አከፋፋዮች ነን። ክትባት ከሞቀ ተበላሽቶ ምንም አይፈይድም። ይህን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከሁላችን ይልቅ የሚያሳስባት ግን የቀዝቃዛው ክፍል ተጠሪ አስቴር ናት፤ ክትባቱን ፈርማ የተረከበችው እሷ ናትና። መብራት በጠፋ ቁጥር በሩ ላይ ትወጣና «ፈየራ!» ብላ ትጮሃለች። ፈየራ ጄነሬተሩን ያስነሳል፤ ክትባቱም ይተርፋል። እንዲህ ያለ ኋላ ቀር አሠራር ለዓመታት አንዲት ጠርሙስ ሳያበላሽ መኖሩን ሳስበው አፍራለሁ።

በ1988 ዓ.ም. ለጋሾች ኮምፒዩተሮች ሰጡን። ውጭ አገር ሠልጥኖ የመጣው መሐንዲስ ኤልዳድም ተመደበልን። ኤልዳድ ፕሮግራም የሚሠራው በመጻፍ ሳይሆን በመሣል ነው። ስክሪኑ ላይ ሳጥኖች ይሥላል፣ ሳጥኖቹን በቀለም ቀለም መስመር ያያይዛል፣ ከዚያ ሥዕሉ ራሱ ሥራ ይጀምራል። ሐሳቡ ቀላል ነበር። አንዱ ኮምፒዩተር ቀዝቃዛው ክፍል ውስጥ ሆኖ ሙቀቱን ይለካል። ሌላው፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ጄነሬተር ቤት ተቀምጦ ጥሪ ይጠብቃል። ክፍሉ ሲሞቅ የቀዝቃዛው ክፍል ፕሮግራም ሰርቨሩን ይጠራዋል፤ ሰርቨሩ «እሺ» ካለ ይገናኛሉ፤ ደወል ይጮኻል፤ ፈየራም ይነሳል።

ይህ ለዋና ኃላፊያችን ለአቶ ወጋየሁ በስብሰባ ላይ ቀረበ።

«ቆይ እስቲ ኤልዳድ» አሉ። «ቀዝቃዛው ክፍል ጄነሬተር ቤቱን በቀጥታ ነው የሚያናግረው?»

«አዎ ጋሼ። ፕሮግራም ለፕሮግራም።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ምን ሆኑ?»

«እኔ የት ነኝ? ሥዕሉ ውስጥ ራሴን አላየሁትም።»

ኤልዳድ ሥዕሉን አየ። እውነትም አቶ ወጋየሁ የሉበትም። ስብሰባው ደነገጠ። ዛሬ አንዱ ክፍል ሌላውን ያለ ኃላፊ ፈቃድ ካነጋገረ፣ ነገ ደግሞ ተነስተው ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ።

ከሰፊ ውይይትና ከጥሩ ምሳ በኋላ የሚከተለው ተወሰነ፦ «የፕሮግራም ለፕሮግራም ግንኙነቱ የመሥሪያ ቤቱን የዕዝ ሰንሰለት ጠብቆ እንዲካሄድ፤ ሰርቨሩም በዋና ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ እንዲሰየም፤ ጥሪን የመቀበል ሥልጣን የዋና ኃላፊው ብቻ እንዲሆን፤ ከእንግዲህ በጩኸት ጄነሬተር ማስነሳት ፈጽሞ የተከለከለ እንዲሆን።» ፈየራ ዘንድ የቀረው ደወሉ ብቻ ነው።

ኤልዳድም በአቶ ወጋየሁ ስክሪን ላይ ሁለት ቁልፎች ሣለ፤ «ተቀበል» እና «አትቀበል»። ኃላፊያችንን ሁለተኛው ከነከናቸው።

«እኛ ባለጉዳይን አንቀበልም አንልም። ‹ነገ ይመለሱ› በልልኝ።»

«ጋሼ፣ ሙቀቱ እኮ ነገ አይደለም፤ አሁን ነው። ደግሞ እርስዎ ቢሮ ከሌሉስ?»

«ከሌለሁማ ሰርቨሩ ራሱ ‹ነገ ይመለሱ› ይበል። ጸሐፊዬ ምን የተለየ ነገር ትላለች?»

የሙከራው ዕለት ሁላችንም ቢሯቸው ተሰበሰብን። የቀዝቃዛው ክፍል ፕሮግራም ጠራ፤ ስክሪኑ ብልጭ አለ። አቶ ወጋየሁ ወንበራቸው ላይ ተደላድለው «ነገ ይመለሱ»ን ተጫኑ።

«ምነው ጋሼ? እዚሁ ነዎት እኮ!» አለ ኤልዳድ።

«በአንድ ጥሪ ከተቀበልኩት ይለምድበታል።»

ኤልዳድ ተስፋ አልቆረጠም። ፕሮግራሙ እስኪቀበሉት ድረስ ሳይታክት ደጋግሞ እንዲጠራ አድርጎ ሣለው። በዚህም ማሽኑ የአገራችንን ባለጉዳይ ሙሉ ጠባይ ያዘ።

ከዚያ የከብት በሽታ ጀሞ ገባ ተባለ። ገበሬዎቹ በጠዋት መጥተው በራችን ላይ ተሰለፉ። ከፊት የቆሙት እማማ ገዲሴ ነበሩ፤ ያሏቸው ሁለት ላሞች ናቸው፤ የሚኖሩትም በእነሱ ነው። መብራቱ ገና ጎህ ሲቀድ ጠፍቷል። አቶ ወጋየሁ ደግሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ሄደው ስለ ኮምፒዩተሮቹ ስኬት ማብራሪያ እየሰጡ ነው። ኮምፒዩተሮቹ በባትሪ መሥራታቸውን ቀጥለዋል። ቀዝቃዛው ክፍል ጠራ። ሰርቨሩ በትሕትና «ነገ ይመለሱ» አለ። ደግሞ ጠራ። «ነገ ይመለሱ።»

አስቴር ወደ ጄነሬተር ቤት ሮጠች።

«ፈየራ፣ ክፍሉ እየሞቀ ነው፣ አስነሳው!»

«ደወል አልሰማሁም አስቴርዬ።»

«እኔን ትሰማኛለህ አይደል?»

«አንቺንማ እሰማሻለሁ። ግን ባለፈው ሳይደወል አስነስቼ ደመወዜን ተቀጣሁ። ልጆች አሉኝ እኮ፣ ምን ላድርግ?»

ለመነችው፤ ፊቱን አዞረ። ግቢው መሃል ቆማ አለቀሰች። እኔ በመስኮት አየኋት። መመሪያው ማዘንን አይከለክልም፤ ስለዚህ በደንብ አዘንኩ።

መብራት የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ገበሬዎቹም «ነገ ይመለሱ» ተባሉ። በማግስቱ ጠዋት አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ።

«ክትባቱ ሞቋል፣ ተበላሽቷል፣ ይጣል» አለች አስቴር።

«ሙቀቱ ለመሥሪያ ቤቱ ተገልጿል ወይ?» አቶ ወጋየሁ ጠየቁ።

«ፕሮግራሙ ጠርቷል፤ አሁንም እየጠራ ነው» አለ ኤልዳድ። «ሰርቨሩ ግን አልተቀበለውም።»

«እንግዲያው ተቀባይነት ያላገኘ ሙቀት ክፍሉን አሞቀው ማለት አንችልም። ክትባቱ ደህና ነው። ለገበሬዎቹ ይታደል!»

አጨበጨብን። ዘበኛውም በር ላይ ላሉት የምሥራቹን ሊነግር ሮጠ። አስቴር ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀች።

«ደስ ይላል» አለች። «እንግዲያው ከእርስዎ ላሞች እንጀምር።»

አቶ ወጋየሁ ላፍቶ ግቢያቸው ውስጥ የፈረንጅ ላሞች አሏቸው። ወደድንም ጠላንም ወተት የምንገዛው ከእሳቸው ስለሆነ፣ ላሞቹን የማያውቅ ሠራተኛ የለም።

«የእኔ ላሞች ምን አገባቸው?»

«በሽታው ጀሞ ከደረሰ ላፍቶ ለመግባት ምን ቀረው? ዛሬውኑ መርፌዬን ይዤ ቤትዎ እመጣለሁ። ክትባቱ ደህና ነው ብለዋል።»

አቶ ወጋየሁ አስቴርን አዩ፣ እኛን አዩ፣ ጣሪያውን አዩ። ከዚያ ተነስተው ወደ ቢሯቸው ገሰገሱ፤ እኛም ተከተልናቸው። የትናንቱ ጥሪ ስክሪኑ ላይ አሁንም ብልጭ ድርግም ይላል። ኃላፊያችን በገዛ ጣታቸው «ተቀበል»ን ተጫኑ።

ደወሉ ጮኸ። ፈየራ መብራት ባለበት በጠራራ ፀሐይ ጄነሬተሩን በደስታ አስነሳው። ቃለ ጉባኤውም «በዋና ኃላፊው ንቁ ክትትል የተበላሸ ክትባት ከመሠራጨቱ በፊት ተደረሰበት» ተብሎ ተጻፈ። ዳግመኛ አጨበጨብን።

ለገበሬዎቹ የመንገሩ ሥራ ለአስቴር ተተወ። ወደ በሩ ወጣች።

«ልጄ፣ መቼ ልትጀምሩልን ነው?» አሏት እማማ ገዲሴ።

«ተጥሏል እማማ። ተበላሽቶ ነበር።»

«እንዴ! ዘበኛው አሁን ደህና ነው አላለንም?»

«ለእናንተ ላሞችማ ደህና ነበር» አለች አስቴር።